አራቱ ፊደላት ስለ ሥራ ምርጫ የሚሉትና የማይሉት

የማየርስ-ብሪግስን የባሕርይ መጠይቅ የሞላ ሰው በመጨረሻ የሚሰጠው ከ16 ዓይነቶች አንዱን የሚያመለክት የአራት ፊደላት ስብስብ ሲሆን፣ ብዙ ወጣቶች ይህን ውጤት ለአንድ ሙያ መፈጠራቸውን እንደሚያረጋግጥ ማስረጃ ይቆጥሩታል። መጠይቁ ግን የሚያሳየው ዝንባሌን እንጂ ችሎታን አይደለም። ካትሪን ብሪግስና ልጇ ኢዛቤል ማየርስ፣ የስዊዘርላንዱ የሥነ ልቦና ሊቅ ካርል ዩንግ በ1921 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ሐሳብ ላይ ተመሥርተው ያዘጋጁት ይህ መጠይቅ ሠራተኛ ለመምረጥ እንዳይውል አሳታሚው ራሱ ያሳስባል።

ዋናው ግርታ ያለው አከፋፈሉ ላይ ነው። ከአራቱ ፊደላት በመጀመሪያዋ ቦታ «ኢ» (E) ወደ ውጭ፣ ማለትም ወደ ሰዎች፣ «አይ» (I) ደግሞ ወደ ውስጥ፣ ማለትም ወደ ራስ ሐሳብ፣ ማዘንበልን ያመለክታሉ። አብዛኛው ሰው በሁለቱ ጫፎች መካከል የሚገኝ ሆኖ ሳለ መጠይቁ መሐል ላይ መስመር አስምሮ ሁሉንም ወደ አንዱ ወገን ስለሚመድብ፣ ለመስመሩ የቀረበች ተማሪ ዛሬ «አይ» ተብላ፣ ከሳምንታት በኋላ ሁለት ጥያቄዎችን ብቻ ለየት አድርጋ ብትመልስ «ኢ» ልትባል ትችላለች። በዚህች አንዲት ፊደል ምክንያት መምህርነትን የምትተው ከሆነ እጅግ ያሳዝናል፤ ዝምተኛ ሆነው ክፍል ሲገቡ ተማሪውን ሁሉ የሚይዙ መምህራን ስንት አሉ!

ለሥራ ምርጫ ይበልጥ የሚቀርበው አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ጆን ሆላንድ ሰዎች የሚወዱትን የሥራ ዓይነት የከፈለባቸው ስድስት የፍላጎት ዘርፎች ናቸው። የአሜሪካ የሠራተኛ ሚኒስቴር በነጻ የሚያቀርበው የኦኔት መጠይቅ የተመሠረተው በእነዚህ ላይ ሲሆን፣ ስለ ጠባይ ሳይሆን ስለ ተግባር ይጠይቃል፤ የወጥ ቤት ቁም ሳጥን መሥራት፣ ሕፃናትን ማንበብ ማስተማር ትወዳለህ ይላል። ከዚያም ከመልሶችህ ጋር የሚስማሙ ሙያዎችን በሚጠይቁት የዝግጅት መጠን በ5 ደረጃ ከፍሎ ያቀርባል።