ዝልግልግ ሻጋታ ምንድን ነው?

ወሩ ነሐሴ ነበር፤ ደሴ ላይ የጦሳ ተራራ ከጉም ወጥቶ የማይታይበት ሰሞን። ጓሯችን ባለው የበሰበሰ የባሕር ዛፍ ጉቶ ላይ የእንቁላል አስኳል የመሰለ ቢጫ ነገር ተደፍቶ አገኘን። አያቴ «ውሻው አስመልሶበት ነው» ብላ አለፈች። በማግስቱ ጠዋት ከጉቶው ወርዶ፣ ስንዝር ያህል ርቆ፣ አጥሩ ድንጋይ ላይ ተለጥፏል። ጎረቤታችን «ወላሂ፣ ትናንት እዚህ አልነበረም!» አሉ። እውነታቸውን ነው፤ ሄዶ ነው።

አያቴም ብዙ አልተሳሳተችም። ፈረንጆቹም ይህን ዓይነቱን «የውሻ ትውከት» ይሉታል። የወገኑ የጋራ ስም በእንግሊዝኛ ስላይም ሞልድ ነው፤ በእኛ ዝልግልግ ሻጋታ እንበለው። ስሙ ግን ያሳስታል፤ ሻጋታ አይደለም። እንጀራ ላይ የሚወጣው ሻጋታ ፈንገስ ነው፤ ምግቡን ከውጭ አሟሙቶ ይመጥጣል። ይሄኛው ግን እየተሳበ ባክቴሪያውንም የፈንገሱንም ዘር እየዋጠ ይኖራል። በዘር የሚቀርበው ለአሜባ ነው፤ ሆዳችንን ከሚቆርጠን አሜባ ጋር እንኳ የሩቅ ዝምድና አለው።

የሚገርመው ግን ሌላ ነው። ያ መዳፍ የሚያህል ቢጫ ነገር በሙሉ አንድ ሕዋስ ነው! ውስጡ ያለው ኒውክለስ (የዘር መረጃውን የሚይዘው እምብርት) በየጊዜው እየተከፈለ ቁጥሩ እጅግ ይበዛል፤ ሕዋሱ ግን አይከፈልም፣ ይሰፋል እንጂ። በማጉያ ሲታይ እንደ ደም ሥር የተጠላለፉ ቱቦዎች አሉት። ፈሳሹ ወደ አንድ አቅጣጫ ለደቂቃ ያህል ይፈስሳል፣ ቀጥ ይላል፣ ደግሞ ወደ ኋላ ይመለሳል። ወደፊት የሚሳበውም በዚሁ ነው።

ቤተ ሙከራ ውስጥ ዝናው የወጣው ፊሳረም ፖሊሴፋለም የተባለው ዓይነት ነው። ስሙ «ባለ ብዙ ራስ» ማለት ነው፤ አንድም ራስ ለሌለው ፍጥረት! እ.ኤ.አ. በ2000 ጃፓናዊው ቶሺዩኪ ናካጋኪና ባልደረቦቹ ብዙ መተላለፊያ ባለው ጠመዝማዛ መንገድ ውስጥ ዘርግተውት ሁለቱ ጫፎች ላይ የአጃ ምግብ አኖሩለት። ከሌላው ቦታ ሁሉ ተሰብስቦ አጭሩ መንገድ ላይ አንድ ወፍራም ቱቦ ብቻ አስቀረ። በ2010 ደግሞ ቶኪዮና በዙሪያዋ ያሉት ከተሞች ባሉበት አቀማመጥ የአጃ ፍሬ ሲያስቀምጡለት፣ የዘረጋው መረብ ከእውነተኛው የባቡር መስመር ጋር ተመሳሰለ።

ታዲያ ያስባል? ብዙ ጸሐፊ እንዲያ ይላል፤ እኔ ቃሉ ይበዛበታል ባይ ነኝ። የሰኞን የባቲ ገበያ የሚያውቅ ነገሩ ይገባዋል። ከየቀበሌው ወደ ገበያው የሚወርደውን የእግር መንገድ ማንም አልቀየሰውም፤ እግር የበዛበት እየሰፋ ይሄዳል፣ የተተወውን ሣር ይውጠዋል። እዚህም ብዙ ፈሳሽ ያለፈበት ቱቦ ይወፍራል፣ ጥቂት ያለፈበት ይከስማል። በዚያ ላይ ያለፈበት ቦታ ላይ ዝልግልግ ዱካ ይተዋል፤ ዱካውን ሲያገኝ «እዚህስ ነበርኩ» እንዳለ ሁሉ ይሸሸዋል። አንጎል ሳይኖረው ማስታወሻውን መሬት ላይ ያኖራል ማለት ነው።

ድርቅ ከመጣበት ጠንክሮ ይተኛል፤ ውኃ ሲያገኝ ይነቃል። የሚራባበት ጊዜ ሲደርስ ደግሞ ከእርጥቡ ወጥቶ ገላጣ ቦታ ይፈልጋል፤ የእኛው ድንጋዩ ላይ የወጣውም ለዚህ ሳይሆን አይቀርም። በሦስተኛው ቀን ቢጫው ጠፍቶ ቅርፊት ሆኗል። አያቴ «ይሄ ቆሻሻ» ብላ በመጥረጊያ ስትመታው ጥቁር ቡናማ ዱቄት ቦነነ። ዱቄቱ ዘሩ ነበር፤ ነፋሱ ወደ ጎረቤት ወሰደው።