የወንዶች 50 ሜትር ቢራቢሮ ዋና በዓለም ሻምፒዮና

በዓለም የውሃ ስፖርቶች ሻምፒዮና ከሚካሄዱት የዋና ውድድሮች ሁሉ የወንዶች 50 ሜትር ቢራቢሮ በአጭርነቱ ከሚጠቀሱት አንዱ ነው። ከገንዳው አንድ ጫፍ ተወርውሮ የሌላውን ጫፍ ግድግዳ መንካት፤ ነገሩ ይኸው ነው። መታጠፊያ የለም፤ ኃይል መቆጠብ የለም፤ ተፎካካሪን አይቶ አካሄድን ማስተካከልም የለም። አሸናፊው አብዛኛውን ጊዜ ከ23 ሰከንድ በታች ይጨርሳል። ተመልካች አጠገቡ የተቀመጠውን ሰው «አራተኛው መስመር ላይ ያለው ማን ነው?» ብሎ ጠይቆ መልሱን እስኪሰማ ውድድሩ አልቋል።

ውድድሩ ወደ ሻምፒዮናው የገባው በ2001 በጃፓኗ ፉኩኦካ ሲሆን፣ እስከ 2025ቱ የሲንጋፖር ሻምፒዮና ድረስ 14 ጊዜ ተካሂዷል (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ቀናት፣ ወራትና ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ወርቁን 11 ሰዎች ተከፋፍለውታል። ደቡብ አፍሪካዊው ሮላንድ ስኩማን፣ ብራዚላዊው ሴዛር ሲየሎ እና አሜሪካዊው ኬሌብ ድሬሰል ሁለት ሁለት ጊዜ ወስደዋል፤ ሦስት ጊዜ ያሸነፈ ግን የለም።

ቢራቢሮ ከአራቱ የዋና ስልቶች በዕድሜ ትንሹ ነው። የተወለደውም ከደንብ ክፍተት ነው። በ1930ዎቹ አንዳንድ የደረት ዋና ተወዳዳሪዎች ሁለቱን እጆቻቸውን ከውሃ በላይ አውጥተው ወደ ፊት መወርወር ጀመሩ፤ ደንቡ አልከለከላቸውምና ፈጠኑ። ሌሎቹም ተከተሏቸው። ክርክሩ ዓመታት ወስዶ በ1952 ቢራቢሮ ራሱን የቻለ ስልት ሆነ። በኦሊምፒክ የወንዶች 200 ሜትር በ1956 በሜልቦርን፣ 100 ሜትር ደግሞ በ1968 በሜክሲኮ ሲቲ ተጀመሩ። 50 ሜትሩ ግን በኦሊምፒክ ደጃፍ ቆሞ ቀረ፤ ስለዚህም የዓለም ሻምፒዮና ወርቅ ለዚህ ርቀት ዋናተኞች የመጨረሻው ከፍታ ሆኖ ኖረ።

ደንቡ ጥቂት ነው፤ ግን ጥብቅ። ሁለቱ እጆች እኩል ከውሃ ወጥተው እኩል ወደ ፊት ይሄዳሉ፤ ሁለቱ እግሮች እንደ ዶልፊን ጅራት አንድ ላይ ወደ ላይና ወደ ታች ይመታሉ፤ ግድግዳው በሁለቱም እጆች በአንድ ጊዜ መነካት አለበት። ዋናተኛው ከተወረወረ በኋላ በውሃ ውስጥ መጓዝ የሚችለው እስከ 15 ሜትር ብቻ ነው፤ እዚያ ሲደርስ ራሱ ከውሃው በላይ መታየት ይኖርበታል። ይህ ገደብ የመጣው ሩሲያዊው ዴኒስ ፓንክራቶቭ በ1996 በአትላንታ ኦሊምፒክ ከውሃ በታች ረጅም ርቀት እየተጓዘ የ100 እና የ200 ሜትር ወርቆችን ከወሰደ ብዙም ሳይቆይ ነው። ውሃ ውስጥ ያለ ሰው ከላይ ያለውን ማዕበልና ግጭት ስለማያገኘው ይፈጥናል፤ ተመልካቹ ደግሞ ባዶ ገንዳ እያየ ይቀመጣል። ሁለቱም ምክንያቶች ለገደቡ በቂ ይመስሉኛል።

ከውሃው በላይ የሚቀረው ርቀት ወደ ሃያ በሚደርሱ የእጅ ምቶች ያልቃል። ብዙዎቹ በመንገዱ ላይ አንዴ ወይም ሁለቴ ብቻ ይተነፍሳሉ፤ ጭራሽ የማይተነፍሱም አሉ፤ ራስን ቀና ማድረግ ዳሌን ወደ ታች ስለሚያወርድ ፍጥነት ይቀንሳልና። የመጨረሻው ምት ግን ከሁሉም የከፋ ነው። ዋናተኛው ግድግዳው ጋ የሚደርሰው ምቱ ገና ሲጀመር ከሆነ ሁለት መጥፎ ምርጫዎች አሉት፤ አንድ ትንሽ ምት መጨመር ወይም እጆቹን ዘርግቶ መንሸራተት። የዚህ ስህተት ታዋቂ ምሳሌ በሌላ ውድድር የታየ ነው። በ2008 በቤጂንግ ኦሊምፒክ የ100 ሜትር ፍጻሜ ሰርቢያዊው ሚሎራድ ቻቪች እየመራ መጥቶ ሲንሸራተት፣ አሜሪካዊው ማይክል ፌልፕስ ግማሽ ምት ጨምሮ ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት መዝጋቢ ሰሌዳ ቀድሞ መታው። ልዩነቱ 50.58 በ50.59 ነበር። ቻቪች በቀጣዩ ዓመት በሮም የዓለም ሻምፒዮና 50 ሜትሩን በ22.67 ሰከንድ አሸነፈ፤ ሰው ግን ዛሬም ስሙን የሚያነሳው በዚያች አንድ መቶኛ ሰከንድ ነው።

የዚህ ውድድር ልዩ ጠባይ ባለቤት የሌለው መሆኑ ነው። ቢራቢሮ ዋናተኞች ለ100 እና ለ200 ሜትር ሲለማመዱ፣ ይህችን አጭር ርቀት ከሌላ ስልት የመጡ ፈጣኖች ይወስዷታል። ሲየሎ (2011 እና 2013)፣ ፈረንሳዊው ፍሎራን ማናዱ (2015)፣ እንግሊዛዊው ቤን ፕራውድ (2017) እና ድሬሰል (2019 እና 2022) ሁሉም በነፃ ዋና 50 ሜትር የታወቁ ናቸው። ከሁሉ የሚገርሙት የጀርባ ዋና ሰዎች ናቸው። አውስትራሊያዊው ማት ዌልሽ በ2001 በፉኩኦካ የ100 ሜትር ጀርባ ዋና ሻምፒዮን ነበር፤ በ2003 በባርሴሎና ግን 50 ሜትር ቢራቢሮን በዓለም ክብረ ወሰን፣ በ23.43 ሰከንድ አሸነፈ። ከሃያ ዓመት በኋላ፣ በዚያችው ፉኩኦካ፣ የ100 ሜትር ጀርባ ዋና ክብረ ወሰን ባለቤት የነበረው ጣሊያናዊው ቶማስ ቼኮን ይህንኑ ቢራቢሮ በ22.68 ወሰደ። ምስጢሩ በውሃ ውስጥ ያለው የእግር ምት ነው። በጀርባም ሆነ በደረት ቢተኙ ምቱ ያው ነው፤ ከውድድሩ ሩብ የሚበልጠው ደግሞ እዚያው ታች ሊያልቅ ይችላል።

ሌላው አስገራሚ ነገር ሰዓትና ወርቅ አለመገናኘታቸው ነው። ስኩማን በ2005 በሞንትሪያል 22.96 ሲዋኝ ክብረ ወሰንና ወርቅ አንድ ላይ ይዞ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ግን ሁለቱ ተለያይተዋል። ስፔናዊው ራፋኤል ሙኞዝ በሚያዝያ 2009 በማላጋ 22.43 ዋኘ። ዘመኑ ዋናተኞች ሰውነትን አጥብቆ የሚይዝና የሚያንሳፍፍ የፖሊዩረታን ልብስ የሚለብሱበት ነበር፤ ልብሱ ከ2010 መጀመሪያ ጀምሮ ሲታገድ ብዙዎች ያ ሰዓት አይነካም ብለው ነበር። ዘጠኝ ዓመት ግድም ቆየ። ሐምሌ 1 ቀን 2018 በሮም ዩክሬናዊው አንድሪ ሆቮሮቭ 22.27 ዋኝቶ ሰበረው። ይሁንና ሙኞዝም ሆነ ሆቮሮቭ በ50 ሜትር ገንዳ የዓለም ሻምፒዮና ወርቅ አላገኙም፤ ሁለቱም የደረሱት እስከ ነሐስ ነው። የሻምፒዮናው ክብረ ወሰን ድሬሰል በ2019 በደቡብ ኮሪያዋ ጓንግጁ ያስመዘገበው 22.35 ነው።

ከፍጻሜዎቹ ሁሉ በታሪክ የሞላው የ2011ዱ የሻንጋይ ይመስለኛል። ሲየሎ በዚያው ዓመት በተደረገለት ምርመራ ፉሮሰማይድ የተባለ የተከለከለ መድኃኒት ተገኝቶበት ነበር። የስፖርት ግልግል ፍርድ ቤት በማስጠንቀቂያ ብቻ ያለፈው ውድድሩ ሊጀመር ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ነው። ሌሎች ዋናተኞች አኩርፈዋል። እርሱ በ23.10 አሸንፎ አለቀሰ። በዚያው ፍጻሜ ነሐሱን የወሰደው ጂኦፍ ሁጊል ነበር፤ ከአሥር ዓመት በፊት በፉኩኦካ የመጀመሪያውን ወርቅ ያገኘው አውስትራሊያዊ። በመሀል ከዋና ወጥቶ፣ ክፉኛ ወፍሮ፣ ተመልሶ ቀጥኖ የመጣ ሰው ነው።

የቅርቦቹ ዓመታት ለትንንሽ የዋና አገሮችም በር ከፍተዋል። ፖርቱጋላዊው ዲዮጎ ሪቤይሮ በ2023 ብር ካገኘ በኋላ በ2024 በዶሃ በ22.97 ሰከንድ ወርቁን ወሰደ፤ አገሩ በዋና የዓለም ሻምፒዮን ስታገኝ የመጀመሪያዋ ነው። በ2025 በሲንጋፖር የኒው ካሌዶንያው ተወላጅ ፈረንሳዊ ማክሲም ግሩሴ 22.48 ሲዋኝ፣ ስዊዘርላንዳዊው ኖኤ ፖንቲ በሦስት መቶኛ ሰከንድ ተቀደመ። ከአፍሪካ እስካሁን ወርቅ ያየው ስኩማን ብቻ ነው፤ በ2005 እና በ2007።

ውድድሩን እንደ ቤቱ የያዘው ሰው ካለ ግን ወርቁን ያላገኘው ብራዚላዊው ኒኮላስ ሳንቶስ ነው። በ2015 በ35 ዓመቱ ብር፣ በ2017 ዳግም ብር፣ በ2019 ነሐስ፣ በ2022 በቡዳፔስት በ42 ዓመቱ ሌላ ብር አገኘ። ይህ የመጨረሻው በሻምፒዮናው የዋና ታሪክ በዕድሜ የገፋው ባለሜዳሊያ አድርጎታል። በዚያው ዓመት በታኅሣሥ በሜልቦርን በ25 ሜትር ገንዳ የዓለም ሻምፒዮና በዚሁ ርቀት ወርቅ ወስዶ ጡረታ ወጣ። የዓለም አቀፉ ኦሊምፒክ ኮሚቴ 50 ሜትር ቢራቢሮን ከጀርባና ከደረት ዋና 50 ሜትሮች ጋር በ2028 የሎስ አንጀለስ ጨዋታዎች ውስጥ ማካተቱን ያስታወቀው በሚያዝያ 2025 ነው።