ሎድ ማኔጅመንት ምንድን ነው?

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ከብሎኮቹ ጀርባ የሲሚንቶ የባስኬት ሜዳ አለን። ቀለበቱ መረብ የለውም፤ ቦርዱም ጥግ ጥጉ ተሰነጣጥቋል። ቅዳሜ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ገደማ ልጆቹ ይሰበሰባሉ። ከመጫወታቸው በፊት ግን ስልክ ላይ ያጎነብሳሉ። አሜሪካ ብርድ ሲገባ፣ ሎስ አንጀለስ ላይ ማታ የሚደረግ ጨዋታ እኛ ጋ የሚጀምረው በዚያ ሰዓት ነው።

አንድ ቅዳሜ አንዱ ልጅ ተናደደ። ሌሊት ተነስቶ የጠበቀው ተጫዋች ተቀምጧል። አልተጎዳም፤ አልታመመም። "ሎድ ማኔጅመንት" ይላል ዜናው። "በቃ አርጅቷል በለኛ!" አለ ጓደኛው። ሁሉም ሳቁ። እኔ 43 ዓመቴ ነው፤ ሳቁ አልመጣልኝም። ቃሉ በደንብ ሊገባን የሚገባ ይመስለኛል።

ወደ አማርኛ ስናመጣው "የጫና አያያዝ" ይሆናል። ጫና ማለት ሰውነት በቀን፣ በሳምንት፣ በወር የሚሸከመው ሥራ ነው። ሩጫው፣ ዝላዩ፣ በፍጥነት ሄዶ ድንገት መቆሙ፣ ጉዞው ሁሉ ይቆጠራል። አያያዝ ደግሞ ያንን ሥራ ሰውነቱ በሚችለው ልክ መመጠን ነው። ብዙ ሰው ጨዋታ መዝለል፣ ማለትም ሳይጫወቱ መቅረት፣ ብቻ ይመስለዋል። መዝለል አንዱ መንገድ ነው እንጂ ነገሩ ራሱ አይደለም። ልምምድ ማሳጠር፣ ከጨዋታው 48 ደቂቃ 35ቱን ብቻ መጫወት፣ ከጉዳት ሲመለሱ ቀስ በቀስ መጨመር፣ ይሄ ሁሉ ጫና መያዝ ነው።

ጫና እንዴት ይለካል? ክለቦቹ ብዙ መሣሪያ አላቸው። ግን ማንም ወረቀትና እርሳስ ይዞ የሚሠራው ቀላል ዘዴም አለ። ልምምዱ ወይም ጨዋታው ሲያልቅ ራስህን ትጠይቃለህ፦ ከ10 ስንት ከበደኝ? ቁጥሩን በደቂቃው ታባዛለህ። በቃ። ለሁለት ሰዓት ተጫውተህ 8 ከሰጠኸው፣ 120 በ8 ሲባዛ 960 ነው። የሳምንቱን ትደምርና ካለፉት አራት ሳምንታት አማካይ ጋር ታስተያያለህ። በዚህ ንጽጽር ላይ ባለሙያዎች ይከራከራሉ፤ "ከዚህ ቁጥር ካለፍክ ትጎዳለህ" የሚል መስመር የለም። ድንገተኛ ጭማሪ መኖሩን ግን ቁልጭ አድርጎ ያሳያል።

ካቻምና የሆነብኝን በዚህ ሂሳብ ላሳያችሁ። ሐምሌና ነሐሴ ሜዳው ኩሬ ስለሚሆን አልተጫወትኩም። ከበድ ያለ ሥራዬ ውኃ ሲጠፋ ጄሪካን ተሸክሜ አራተኛ ፎቅ መውጣት ብቻ ነበር። 30 ደቂቃ፣ ክብደቱ 7፣ ስለዚህ 210። በየሳምንቱ ይኸው ነው። የእንቁጣጣሽ ሰሞን ሜዳው ደረቀ። ናፍቆኝ ስለነበር ሦስት ሰዓት ሙሉ ተጫወትኩ። 180 በ8፣ 1,440። ጄሪካኑ ሲጨመር 1,650። ከለመድኩት ስምንት እጥፍ ሊሞላ ምንም አልቀረውም።

መጨረሻ ላይ ለሪባውንድ፣ ሳይገባ ለተመለሰ ኳስ፣ ስነሳ ባቴን አንድ ሰው በድንጋይ የመታኝ መሰለኝ። ዞር ስል ማንም የለም። ጡንቻዬ ነው የተቀደደው። መጀመሪያ ወጌሻ ጋ ሄድኩ፤ ታሸሁ፤ ባሰብኝ። በኋላ ያየችኝ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ዕድሜዬን ከመጠየቋ በፊት "ያለፈውን ወር ምን ስትሠራ ነበር?" አለችኝ። ምንም፣ አልኳት። ዕድሜዬ ጥፋት የለበትም አላለችም። ግን ዕድሜዬን መቀነስ አንችልም፤ 1,440ውን ግን መቀነስ እንችል ነበር። ደረጃ ጫፍ ላይ ቆሜ ተረከዜን ቀስ ብዬ ማንሳትና ማውረድ ጀመርኩ። መጀመሪያ 30 ደቂቃ ጨዋታ፣ ከዚያ 40፣ ከዚያ 50። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባል የለ፤ አንዴ ቸኩዬ ሦስት ወር ለቅሜያለሁ።

አማርኛችን ላይ ደስ የሚለኝ ነገር አለ። "ጉልበት" መገጣጠሚያውም ነው፣ አቅሙም ነው። የባስኬት ተጫዋች ሁለቱንም አብሮ ያጣል። ከ30 ዓመት በኋላ ሰውነት ሊጠቀም የሚችለው ከፍተኛው የኦክስጅን መጠን ቀስ በቀስ ይቀንሳል። ፈጣኖቹ የጡንቻ ክሮች፣ ማለትም ለዝላይና ለፍጥነት የሚያስፈልጉት፣ ቀድመው ይመነምናሉ። ጅማት ደም በብዛት ስለማይደርሰው ቶሎ አያገግምም። በ22 ዓመት በአንድ ሌሊት የሚለቅ ድካም በ38 ዓመት ሁለትና ሦስት ቀን ሊፈልግ ይችላል። የእኛ ሜዳ ሲሚንቶ ነው፤ ከባሕር ወለል በላይም ከ2,000 ሜትር በላይ ነን፤ የምንስበው ኦክስጅን ከአምስተኛው በላይ ያነሰ ነው። ጫናው እዚህ ይብሳል።

የአሜሪካው ሊግ ኤንቢኤ በስድስት ወር አካባቢ 82 ጨዋታ ያስጫውታል። አንዳንዴ በተከታታይ ሁለት ማታ፣ በሁለት ከተማ። የሳን አንቶኒዮ ስፐርስ የቀድሞ አሠልጣኝ ግሬግ ፖፖቪች ይህን ቀድመው ካሰቡበት አንዱ ናቸው። መጋቢት 2012 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው) የ35 ዓመቱን ቲም ደንከንን አስቀመጡ። በጨዋታው መዝገብ ላይ ያልተጫወተበት ምክንያት "አርጅቷል" ተብሎ ተጻፈ። በዚያው ዓመት ኅዳር ደግሞ ማያሚ ላይ ትልቅ ጨዋታ እያለባቸው ደንከንን ጨምሮ አራት ተጫዋቾችን ወደ ቤት ላኩ። ሊጉ ቡድኑን 250,000 ዶላር ቀጣ። ደንከን ግን በ2014 በ38 ዓመቱ ዋንጫ አነሳ።

በ2019 ካዋይ ሌነርድ ከ82ቱ 60 ጨዋታ ብቻ ተጫውቶ ቶሮንቶን ሻምፒዮን ሲያደርግ ቃሉ የሁሉም አፍ ላይ ገባ። ከዚያ በዛ። ትኬት ገዝቶ ልጁን ይዞ የመጣ ሰው ኮከቡን ሳያይ ይመለሳል። ይሄ ቅሬታ ተገቢ ነው፤ እኔም ሌሊት የተነሳውን የሰፈሬን ልጅ ንዴት እረዳለሁ። ስለዚህ ሊጉ ከ2023 ጀምሮ ለዋና ዋና ሽልማቶች ቢያንስ 65 ጨዋታ መጫወትን ግዴታ አደረገ። በ2024 መጀመሪያም ባቀረበው ጥናት፣ ጨዋታ መዝለል ጉዳት ይቀንሳል የሚል ማስረጃ አላገኘሁም አለ።

ታዲያ ነገሩ ከንቱ ነው? አይመስለኝም። ጥናቱ በዋናነት የተመለከተው የተዘለሉ ጨዋታዎችንና በጨዋታዎች መካከል ያለውን ዕረፍት ነው። ጫና ግን ጨዋታው ውስጥም አለ። ኮቢ ብራያንት ሚያዝያ 10 ቀን 2013 ፖርትላንድ ላይ 48ቱንም ደቂቃ ተጫውቶ 47 ነጥብ አስቆጠረ። 34 ዓመቱ ነበር። ከሁለት ቀን በኋላ የተረከዙ ጅማት ተበጠሰ። በዚያ እግሩ ቆሞ ሁለት የቅጣት ምት አስገብቶ ነው የወጣው። ጅማቱን የበጠሰው ያ 48 ደቂቃ ነው ብዬ አልፈርድም። ግን ያንን ምሽት ባሰብኩ ቁጥር ባቴ ያመኛል።

ሌብሮን ጄምስን ተመልከቱ። ታኅሣሥ 30 ቀን 1984 ነው የተወለደው። 39 ዓመት በሞላበት የውድድር ዘመን 71 ጨዋታ፣ 40 በሞላበት 70 ጨዋታ ተጫወተ። ይህ ሰው ከጨዋታ እየሸሸ አይደለም። የሚቆጥበው ሜዳው ውስጥ ነው። አንዳንዱን የመልስ ሩጫ በእርምጃ ይመለሳል፤ እንደ ድሮው በየኳሱ ቀለበት ስር አይጋጭም፤ ከሩቅ ይወረውራል። በ2023-24 ከሦስት ነጥብ ክልል 41 በመቶ አስገባ፤ በሕይወቱ ምርጡ ነው። እግር ሲያረጅ እጅ አያረጅም። የካቲት 2025 በ40 ዓመቱ 42 ነጥብ አገባ። ከእሱ በፊት በዚያ ዕድሜ 40 ነጥብ ያለፈው ማይክል ጆርዳን ብቻ ነበር፤ በ2003፣ 43 ነጥብ።

እኛ አገር ይሄ እውቀት በሌላ ስም አለ። ከሱሉልታ ወይም ከእንጦጦ ጫካ የሚወጡ ሯጮችን ጠይቁ። ከባድ ልምምድ ከነበረ፣ በማግስቱ ዛፍ ለዛፍ እየተጠማዘዙ፣ እያወሩ፣ ቀስ ብለው ይሮጣሉ። ሰነፉ ብሎ የሚስቅ የለም። ማሞ ወልዴ በ1968 ሜክሲኮ ላይ ማራቶን ሲያሸንፍ 36 ዓመቱ ነበር፤ በ40 ዓመቱ ሙኒክ ላይ ነሐስ አገኘ። ቀነኒሳ በቀለ በ2024 ለንደን ላይ በ41 ዓመቱ፣ 2 ሰዓት ከ4 ደቂቃ ከ15 ሰከንድ ሮጦ ሁለተኛ ወጣ። ለሯጭ የፈቀድነውን ለባስኬት ተጫዋች ለምን እንደምንነፍግ አይገባኝም።

ሜዳችን ላይ የ58 ዓመት ሰው አሉ። ጡረታ የወጡ የስፖርት መምህር ናቸው፤ ሰፈሩ ጋሼ ነው የሚላቸው። ከሁላችንም ግማሽ ሰዓት ቀድመው መጥተው ሰውነታቸውን ያሟሙቃሉ። ቅዳሜ አንድ ጨዋታ፣ ማክሰኞ አንድ ጨዋታ። ወደ ላይ አይዘሉም። ጥጉን ይይዛሉ፤ ኳሱ ሲደርሳቸው ቦርዱን ነክተው ያስገባሉ። ያን ቅዳሜም ሁለት አገቡና ቡድናቸው አሸነፈ። ሌሊት ተነስቶ የተናደደው ልጅ "ጋሼ፣ በናትዎ አንድ ይድገሙን፣ ሰው ጎድሎናል" አላቸው።

"ማክሰኞ፣ ልጄ" አሉት። ድንጋዩ ላይ ተቀምጠው ጫማቸውን ፈቱ፤ አራግፈው ፌስታላቸው ውስጥ ከተቱና ነጥብ ይቆጥሩልን ጀመር።