ፕሮግሜም ምንድን ነው? ጽሑፍ ራም እንዳይበላ

አንድ ጊዜ ትንሽ የሙቀት መቆጣጠሪያ እየሠራሁ ነበር። ሰሌዳው አርዱይኖ ኡኖ የሚባል፣ ፕሮግራም የሚጫንበት ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ ነው፤ ትንሽ የኦሌድ ስክሪንም ተገጥሞለታል። ሁሉም ነገር ጥሩ ሲሄድ ቆየና ሁለት የማስጠንቀቂያ መልእክት ጨመርኩ። ሌላ ምንም አልነካሁም። ከዚያ በኋላ ስክሪኑ ላይ ዝብርቅርቅ ያለ ነገር ይወጣ ጀመር። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ መሣሪያው ራሱን ያስነሳል። ሁለት ቀን ሙሉ ሽቦ ስፈትሽ ዋልኩ። ሽቦው ምንም አልሆነም። ያለቀው ራሙ፣ ማለትም ፕሮግራሙ ሲሠራ የሚጠቀምበት ጊዜያዊ ማህደረ ትውስታ ነበር፤ የጨረሰውም የጻፍኩት ጽሑፍ።

ኡኖ ላይ ያለው ቺፕ ኤትሜጋ328ፒ ይባላል። ፍላሹ 32 ኪሎባይት ነው። ፕሮግራሙ የሚቀመጠው እዚያ ነው፤ ኃይል ቢቋረጥም አይጠፋም። ራሙ ግን 2 ኪሎባይት፣ ማለትም 2048 ባይት ብቻ ነው። ቫሪያብሉም፣ ስታኩም (ፈንክሽኖች ሲጠሩ ጊዜያዊ ነገራቸውን የሚያስቀምጡበት ቦታ)፣ የስክሪኑ ምስልም የሚሻሙት ይህችኑ ነው።

አሁን ፕሮግራማችን ውስጥ አንድ ተራ ጽሑፍ በጥቅስ ምልክት ውስጥ ጻፍን እንበል። የት ይቀመጣል? ብዙ ሰው «ፍላሽ ላይ ነዋ» ይላል። ልክ ነው፣ ግን ግማሹን ብቻ። ኤቪአር ከሚባለው የቺፕ ቤተሰብ የሆነው ይህ ቺፕ ለፕሮግራምና ለዳታ የተለያየ መንገድ ነው ያለው። ዳታ የሚያነበው ተራ ትእዛዝ ፍላሹ ጋ አይደርስም። ስለዚህ መሣሪያው ሲነሳ፣ የኛ ኮድ ገና ሳይጀምር፣ ኮምፓይለሩ (ኮዳችንን ቺፑ ወደሚገባው ቋንቋ የሚተረጉመው ፕሮግራም) ያስገባት ትንሽ ኮድ ጽሑፎቹን በሙሉ ከፍላሽ ወደ ራም ትገለብጣለች። አንዱ ጽሑፍ ሁለት ቦታ ተቀመጠ ማለት ነው። ራም ላይ ያለው ቅጂ ደግሞ መሣሪያው እስኪጠፋ ድረስ ከቦታው ንቅንቅ አይልም። በዓመት አንዴ የሚታይ የስህተት መልእክት እንኳ ቦታውን ይዞ ይቀመጣል።

«ኮንስት ብዬ ጽፌዋለሁ እኮ» የሚል አይጠፋም። እኔም ብዬ ነበር። ኮንስት ግን «ይህን አልቀይረውም» የሚል ቃል ኪዳን ብቻ ነው፤ የኡኖው ቺፕ ላይ መገልበጡን አያስቀረውም።

ፕሮግሜም የሚመጣው እዚህ ጋ ነው። ጽሑፉን ስናውጅ አብረን የምንጽፈው ምልክት ነው። ኮምፓይለሩን «ይህን ፍላሽ ላይ ተወው፣ ራም ላይ አትገልብጥብኝ» ይለዋል። ቦታው ወዲያው ይተርፋል። በምትኩ የምንከፍለው ነገር አለ፤ ማንበቢያው ይለያል። ፍላሽ የሚነበበው ኤልፒኤም በሚባል ልዩ ትእዛዝ ነው። እሱን የሚጠራልን ፒጂኤም ሪድ ባይት የሚባለው ነው፤ አንድ አንድ ባይት እያነሳ ይሰጠናል።

ብዙ ሰው የሚሰናከለው ግን እዚህ ላይ ስለሆነ ረጋ ብለን እንየው። አድራሻ ቁጥር ነው። አድራሻ 300 ፍላሽ ላይም አለ፣ ራም ላይም አለ። ፖይንተር የሚባለው አድራሻ ያዥ ቫሪያብል ቁጥሩን ይይዛል እንጂ የየትኛው እንደሆነ አይናገርም። የፍላሽ አድራሻ ይዘን የጽሑፍ ርዝመት ለሚቆጥረው ተራ ፈንክሽን ብንሰጠው፣ ራም ላይ አድራሻ 300 ሄዶ እዚያ ያገኘውን ሁሉ መቁጠር ይጀምራል። ኮዱ ያለ ችግር ኮምፓይል ይሆናል፤ ውጤቱ ግን ቆሻሻ ነው። ለዚህም ነው የጽሑፍ ፈንክሽኖቹ መጨረሻቸው ላይ «ፒ» የተጨመረባቸው መንትዮች ያሏቸው። እነሱ ፍላሽ እንደሚያነቡ ያውቃሉ።

ከዚህ ጣጣ የሚገላግለን ኤፍ የሚባለው ማክሮ፣ ማለትም ኮምፓይል ሲደረግ በረዘመ ኮድ የሚተካ አጭር ስም ነው። ጽሑፍ የሚያወጣው ፕሪንት የሚባለው ፈንክሽን ውስጥ ከጽሑፉ በፊት ትልቁን የላቲን ፊደል ኤፍ ጽፈን ጽሑፉን በቅንፍ እንከበዋለን። በቃ። ማክሮው ሁለት ነገር ያደርጋል። ጽሑፉን ፍላሽ ላይ ያስቀራል፤ ከዚያ ለፖይንተሩ የተለየ ታይፕ (የዳታ ዓይነት መለያ) ያለብሰዋል። ፕሪንት ያንን ታይፕ ሲያይ በፍላሽ ማንበቢያው በኩል ይሄዳል። ፖይንተሩ ያልያዘውን መረጃ ታይፑ ያዘለት ማለት ነው። እኔ በጣም የምወደው ዘዴ ነው።

የጽሑፎች ዝርዝር ሲሆን፣ ለምሳሌ ሜኑ፣ ኤፍ ብቻውን አይበቃም። ፕሮግሜምን ዝርዝሩ ላይ ብቻ ብንጽፍ ፍላሽ ላይ የሚቀሩት ፖይንተሮቹ ናቸው፤ ጽሑፎቹ ራሳቸው ራም ላይ ይገለበጣሉ። እያንዳንዱን ጽሑፍ ለብቻው ስም ሰጥተን በፕሮግሜም ማወጅ፣ ቀጥሎ ዝርዝሩንም እንደዚያው ማወጅ አለብን።

በአማርኛ ለምንጽፍ ሰዎች ነገሩ ይብሳል። ዩቲኤፍ-8 በሚባለው የፊደል አመዘጋገብ ላይ የላቲን ፊደል አንድ ባይት ሲወስድ የግዕዝ ፊደል ሦስት ይወስዳል። «የሙቀት መጠን ከገደብ አልፏል» የሚለውን እንቁጠር። 15 ፊደል 45 ባይት ነው። ሦስቱ ክፍት ቦታዎች 3፣ የጽሑፉን መጨረሻ የምታሳየው የመዝጊያዋ ዜሮ 1 ሲጨመሩ 49 ባይት። እንዲህ ዓይነት 40 መልእክት 1960 ባይት ይሆናል፤ ከ2048ቱ የሚተርፈው 88 ብቻ። ከኮምፒውተር ጋር ለሚያገናኘው ሲሪያል መላኪያና መቀበያ ብቻ 128 ባይት ያስፈልጋል። ፍላሽ ላይ ግን ያው 1960 ባይት ከጠቅላላው 6 በመቶ ገደማ ነው፤ ፕሮግሜም ተጠቀምንም አልተጠቀምንም ደግሞ እዚያ መቀመጡ አይቀርም።

ሁሉም ቺፕ እንዲህ አይደለም። ኤአርኤም ኮርቴክስ-ኤም የሚባሉት ቺፖች ላይ ፍላሹም ራሙም በአንድ የአድራሻ መስመር ስለሚገኙ ኮንስት የተባለ ጽሑፍ ባለበት ይነበባል። ኢኤስፒ32 የሚባለው ቺፕም እንደዚያው። እዚያ ኤፍ ቢጻፍ አይጎዳም፣ አይጠቅምም። ኢኤስፒ8266 ላይ ግን ኤፍ አሁንም ራም ያተርፋል።

አንድ ጥንቃቄ አለ። ያንኑ ጽሑፍ በኤፍ አምስት ቦታ ብንጽፈው ፍላሽ ላይ አምስት ጊዜ ይቀመጣል። የሚደጋገመውን አንዴ በፕሮግሜም ስም ሰጥቶ ያንን መጥራት ይሻላል።

ወደ እኔ መሣሪያ ልመለስ። ስክሪኑ 128 በ64 ነጥብ ነው። ለእያንዳንዱ ነጥብ አንድ ቢት ሲያዝ 1024 ባይት ይሆናል፤ የራሙ ግማሽ። የስክሪኑ ላይብረሪ (ስክሪኑን የሚያዘው ዝግጁ ኮድ) ይህን ቦታ የሚጠይቀው ፕሮግራሙ ከተነሳ በኋላ ስለሆነ ኮምፓይል ሲደረግ የሚወጣው ሪፖርት ውስጥ አልነበረም። ሪፖርቱ ከግማሽ በላዩ ባዶ ነው ሲለኝ አምኜ ነበር። መልእክቶቹ ሲጨመሩ ስታኩ ከላይ ወደ ታች እያደገ መጥቶ የስክሪኑን ምስል ረገጠው፤ ዝብርቅርቁ የመጣው ከዚያ ነው። መልእክቶቹን በሙሉ በኤፍ ከበብኳቸው። አንድም ሽቦ ሳልነካ ስክሪኑ ተስተካከለ።