ቡስት ኮንቨርተር ምንድን ነው? አንድ ድንጋይ ብቻ የሚበላው ማውስ ምስጢር

የብዙ ገመድ አልባ ማውሶችን ሆድ ብትከፍቱ የምታገኙት አንድ ድንጋይ ብቻ ነው፤ ያው ለሪሞት የምንገዛው ዶብል ኤ። ላዩ ላይ 1.5 ቮልት ይላል። ውስጥ ያለው የራዲዮ ቺፕ ግን በ1.5 ቮልት አይነሳም። ለምሳሌ በርካሽ ገመድ አልባ ዕቃዎች ውስጥ የተለመደው የኖርዲክ ኤንአርኤፍ24ኤል01 የሚፈልገው ከ1.9 እስከ 3.6 ቮልት ነው። ታዲያ የጎደለው ከየት ይመጣል? ከቡስት ኮንቨርተር። ዝቅ ያለ ቮልቴጅ ተቀብሎ ከፍ አድርጎ የሚያወጣ ትንሽ ሰርኪዩት ነው።

ደግሞ 1.5 የሚለውም ቁጥር አይበረክትም። አልካላይን ድንጋይ አዲስ ሲሆን 1.5 ወይም 1.6 ይለካል፣ ከዚያ እየወረደ እየወረደ ሄዶ 0.9 አካባቢ ሲደርስ አለቀ ይባላል። 1.2 ላይ እያለ ግን ውስጡ ገና ብዙ ጉልበት አለው። ቡስት የሌለው ዕቃ ይህን ጉልበት ሳይነካው «ባትሪ ጨርሷል» ይላችኋል፣ እናንተም ትጥሉታላችሁ። የሚያናድደኝ ይሄ ነው።

አሠራሩ አራት ነገር ይፈልጋል፤ የሽቦ ጥቅል (ኮይል)፣ እንደ ማብሪያ ማጥፊያ የሚያገለግል ትራንዚስተር፣ ከረንትን ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ዳዮድ እና ጉልበት ለጊዜው የሚያጠራቅም ካፓሲተር። ትራንዚስተሩ ሲበራ ከድንጋዩ የሚወጣው ከረንት በኮይሉ አልፎ በቀጥታ ወደ ኔጌቲቭ ይመለሳል፣ በዚህ መሀል ኮይሉ ዙሪያ ማግኔታዊ ጉልበት ይጠራቀማል። ከዚያ ትራንዚስተሩ ድንገት ይጠፋል። ኮይል ደግሞ ከረንት በድንገት እንዲቋረጥበት አይፈቅድም፤ በኃይል የሚወርድ ቧንቧ ባንዴ ስትዘጉት ግፊቱ ጨምሮ ቱቦው ጓ እንደሚለው ሁሉ ኮይሉም የራሱን ቮልቴጅ ያነሳል፣ በድንጋዩ ቮልቴጅ ላይ ይደርበዋል፣ በዳዮዱ በኩል ገፍቶ ካፓሲተሩ ውስጥ ያስገባዋል። ዳዮዱ መመለሻውን ይዘጋል። ይህ በሰከንድ መቶ ሺዎች ጊዜ፣ አንዳንዴም ከሚሊዮን ጊዜ በላይ ይደጋገማል።

ስንት ቮልት እንደሚወጣ የሚወስነው ትራንዚስተሩ በርቶ የሚቆይበት ጊዜ ነው። ብክነቱን ትተን፣ ከ1.5 ወደ 3 ለማውጣት የጊዜውን ግማሽ ይበራል። ድንጋዩ ደክሞ 1 ቮልት ሲደርስ ደግሞ ሁለት ሦስተኛውን። ይህን የሚቆጣጠረው ትንሿ ቺፕ ናት። በሁለት ሬዚስተር (ከረንትን የሚገታ ዕቃ) አማካይነት ከመውጫው ቮልቴጅ ላይ ድርሻ ወስዳ ውስጧ ካለው ቋሚ መለኪያ ጋር ታስተያያለች፣ ቀነሰ ካለች ትጨምራለች። ድንጋዩ ቢወርድም የራዲዮው ቺፕ ሁሌ ያንኑ ቮልቴጅ ያገኛል ማለት ነው።

ጉልበት ግን ከባዶ አይፈጠርም። መውጫው ላይ በ3 ቮልት 10 ሚሊአምፒር ከተፈለገ፣ ከ1.5 ቮልት ድንጋይ ቢያንስ 20 ሚሊአምፒር ይሳባል፣ ብክነቱ ሲደመር ትንሽ ይበልጣል። ድንጋዩ 1 ቮልት ላይ ሲሆን ደግሞ ከ30 በላይ። አያችሁ ነገሩን? ድንጋዩ በደከመ ቁጥር የሚጠየቀው ይብሳል፣ ከረንትን የሚገታው የውስጥ ሬዚስታንሱም ጨምሯል። የእጅ ባትሪ ቀስ እያለ ሲደበዝዝ ማውስ ግን እስከ መጨረሻው ደህና ቆይቶ ባንዴ ቀጥ የሚለው ለዚህ ነው።

በእኔ እምነት ጥሩ ማውስ ከመጥፎው የሚለየው ግን ሲተኛ ነው። ከላይ የጠቀስኩት የራዲዮ ቺፕ ሲልክ 11 ሚሊአምፒር ገደማ ይበላል፣ ሙሉ በሙሉ ሲተኛ ግን ከ1 ማይክሮአምፒር በታች። ኮንቨርተሩ በዚህ ሰዓት ሳያቋርጥ ቢደልቅ ድንጋዩን የሚጨርሰው እሱ ራሱ ይሆናል። ስለዚህ ደህና ቺፕ ካፓሲተሩ ጎደል ሲል ብቻ አንድ ሁለቴ መትቶ ዝም ይላል።

ማየት ለሚፈልግ፦ ቦርዱ ላይ «ኤል1» የሚል ጽሑፍ ፈልጉ። አጠገቡ ግራጫ ወይም ጥቁር አራት ማዕዘን ነገር አለ፣ ላዩ ላይ «4አር7» ከተጻፈበት 4.7 ማይክሮሄንሪ (የኮይል መለኪያ ነው)፣ «100» ከሆነ 10 ማይክሮሄንሪ ነው። ኮይሉ እሱ ነው። ጎኑ ላይ አምስት ወይም ስድስት እግር ያላት ቺፕ ተቀምጣለች። በቴስተር መጀመሪያ ድንጋዩን፣ ቀጥሎ ከቺፗ መውጫ አጠገብ ያለውን ካፓሲተር ለኩ። አንዱ 1.1 ብሎ ሌላው ወደ 3 ከተጠጋ ቡስቱ ሥራ ላይ ነው።

ሁለት ድንጋይ የሚበላ ከሆነስ? አንዱን አውጡት። ከቆመ በተከታታይ የታሰሩ ናቸው፣ ሁለቱ ተደምረው 3 ቮልት ስለሚሰጡ ቡስት ላይኖረው ይችላል። መሥራቱን ከቀጠለ ጎን ለጎን የታሰሩ ናቸው፣ ቡስትም አለው። እንዲህ ያለው ላይ አሮጌና አዲስ እንዳትቀላቅሉ፤ አዲሱ ወደ አሮጌው ከረንት ይገፋና ያስተፋዋል።

ቻርጅ የሚደረገው ድንጋይ 1.2 ቮልት ነው ብላችሁም አትስጉ፣ ቡስት ላለው ማውስ ይሆናል። የባትሪ መጠን ጠቋሚው ብቻ ይዋሻል፤ ሙሉ ሆኖ ሳለ ሊያልቅ ነው ሊላችሁ ይችላል።

እንግዲህ ካሜራ ወይም መጫወቻ አልፈልግም ያለውን ድንጋይ ከመጣላችሁ በፊት ለኩት፣ 1.2 ካለ ለማውሱ ስጡት። ማውሱም እምቢ ካለ ግን ያኔውኑ አውጡት፣ ምክንያቱም ያለቀ አልካላይን ቆይቶ ይተፋል። የሚተፋው ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ነው፣ ስፕሪንጉን ይበላዋል። ከተፋ በጥጥ ኮምጣጤ ነክራችሁ ጥረጉት፣ ቀጥሎ በእርጥብ ጨርቅ፣ ከዚያ በደንብ አድርቁት።