ገራባ፣ አሰር፣ አተላ፦ ድሬዳዋና ሐረር ተረፈ ምርታቸውን እንዴት ነው ሚጠቀሙት

በድሬዳዋ፣ በሐረርና በመሀላቸው ባሉት ሀረማያና አወዳይ ከእርሻ፣ ከከብትና ከፋብሪካ የተረፈን ነገር መልሶ ስራ ላይ ማዋል የቆየ ልማድ ነው። አሁን አሁን በየስብሰባው ሰርኩላር ባዮኢኮኖሚ የሚል ስም ወጥቶለታል፣ ነገሩ ግን ቀላል ነው፣ ከዕፅዋትና ከእንስሳት የሚገኘውን በነዳጅና በፕላስቲክ ፋንታ መጠቀም፣ የአንዱን ትራፊ ደሞ ለሌላው ጥሬ እቃ ማድረግ።

አውሮፓ ውስጥ ለዚህ ስራ ራሱን የቻለ የኢንዱስትሪ ማህበር አለ፣ ባዮ ቤዝድ ኢንዱስትሪስ ኮንሶርሽየም ይባላል፣ መቀመጫው ብራስልስ ነው። ከአውሮፓ ህብረት ጋር በ2014 እ.ኤ.አ. የ3.7 ቢሊዮን ዩሮ ሽርክና ጀምሮ ነበር፣ ከ2021 ወዲህ ደሞ የ2 ቢሊዮን ዩሮ ሁለተኛ ዙር ላይ ነው። ትራፊ ያለውን ትራፊ ከሚፈልገው ጋር ማገናኘት፣ ለሙከራ ፋብሪካ ገንዘብ ማፈላለግ፣ ህግ ሲወጣ የአምራቹን ድምፅ ማሰማት፣ እንዲህ አይነት ማህበር ይሄን ነው ሚሰራው። ምስራቅ አፍሪካም በ2022 እ.ኤ.አ. የራሱን የባዮኢኮኖሚ ስትራቴጂ አውጥቷል፣ ኢትዮጵያም አለችበት። በኛ አካባቢ ግን ይሄን የማገናኘት ስራ ለረጅም ዘመን የያዙት ጎረቤት፣ ገበያና ደላላ ናቸው፣ እና ብዙ ቦታ ላይ በደንብ ይዘውታል።

ከሁሉም ቀድሞ መነሳት ያለበት ገራባ ነው። ገራባ ማለት ከጫት ተቅሞ የሚተርፈው ጠንካራ ቅጠልና እንጨት ነው። ማታ በርጫው፣ የጫት መቃሙ ሰአት፣ ሲያልቅ ፍራሹ ይራገፋል፣ ገራባው ተጠርጎ በራፍ ላይ ይደፋል፣ ፍየሎቹ ደሞ ሰአቱን ስለሚያውቁት ቀድመው ደጅ ላይ ቆመዋል። ቅጠሉን ልጠው እንጨቱን ብቻ ነው ሚተዉት፣ እሱም ሲደርቅ ለማገዶ ይሆናል። አወዳይ የጫት ገበያ ላይ የሚራገፈው ትራፊ ደሞ ከአንድ ቤት ገራባ ጋር አይወዳደርም፣ ተሰብስቦ ይሸጣል። ሀረማያ ዩኒቨርሲቲ ገራባን ለሀረርጌ ደጋ ፍየልና ለበግ ተጨማሪ መኖ አድርጎ በተደጋጋሚ አጥንቷል፣ ገራባ እዚህ በብዛት ስላለ። ሚያሳስበው ነገር ጫቱ ላይ የሚረጨው የተባይ መድሀኒት ነው፣ ቅጠሉ ላይ የቀረ ካለ ወደ ፍየሏ ከዛም ወደ ወተቷ ሊሄድ ይችላል።

ዩኒቨርሲቲው በ1954 እ.ኤ.አ. በአሜሪካው ኦክላሆማ ኮሌጅ እገዛ የእርሻ ኮሌጅ ሆኖ ተጀመረ፣ በ1985 ዩኒቨርሲቲ ሆነ። ለምስራቁ ገበሬ ያደረገው ነገር ብዙ ነው።

የሀረር ሰንጋ ሚባለውም ስሙን ያገኘው ከትራፊ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። የሀረርጌ ገበሬ መሬቱ ጠባብ ስለሆነ ግጦሽ የለውም፣ ስለዚህ ማሽላውንና በቆሎውን ሆን ብሎ ጥቅጥቅ አድርጎ ይዘራውና ቡቃያው ከፍ እያለ ሲሄድ እያሳሳ ይነቅለዋል፣ የተነቀለው ለበሬው ነው፣ ቆይቶ ደሞ ከቆመው አገዳ ላይ የታችኛውን ቅጠል እየገነጠለ ይሰጠዋል፣ አዝመራው ሲሰበሰብ አገዳው ይከመርና ለበጋው ይቀመጣል። በሬው ቤት ደጅ ታስሮ በእጅ ነው ሚበላው፣ አርሶ ጨርሶ ሲሰባ ለበአል ገበያ ይወጣል፣ እበቱ ወደ ማሳ ይመለሳል ወይ ኩበት ይሆናል። ከዘር እስከ እበት ሚጣል ነገር የለውም፣ አዲስ አበባ ላይ ስጋው በስሙ ተጠርቶ የሚሸጠውም በዚህ ልፋት ነው። ፉርሽካና የኦቾሎኒ ፋጉሎ የሚጨምሩም አሉ።

ቡና ላይ ስንመጣ የሀረር ቡና ሳይታጠብ ከነስጋው ነው ሚደርቀው፣ ስለዚህ ሲፈለፈል ከፍሬው ጋር የሚቀራረብ ክብደት ያለው ገለባ ይወጣል፣ ለአንድ ኪሎ ቡና አንድ ኪሎ ገደማ አሰር ማለት ነው። ሐረሪዎች ይሄን አሰር ሀሸር ብለው ቆላ አድርገው ያፈሉታል፣ ወተትና ትንሽ ጨው ይገባበታል፣ የቡናውን ቅጠል ደሞ ቁጢ ብለው ምጣድ ላይ አምሰው ይጠጡታል። ሌላው አለም የቡና ገለባ ሻይ ብሎ አሁን በውድ ሊሸጠው እየተነሳ ያለው ይሄንኑ ነው፣ እዚህ የድሀውም የሀብታሙም ቁርስ ነበር። ድሬዳዋ የቡና መጋዘኖች ጋ የሚከማቸው ግን ተጠጥቶ አያልቅም። ካፌይንና ታኒን ስላለው ከብት ብዙ ሊበላው አይችልም፣ ስለዚህ ያለው መንገድ ኮምፖስት፣ እንጉዳይ ማብቀያና ተጨምቆ የተሰራ የከሰል ብሪኬት ነው፣ ሶስቱም የሚያዋጡት በብዛትና በቅርብ ከተሰሩ ነው፣ ገለባ ቀላል ስለሆነ መኪናውን ይሞላዋል እንጂ አይመዝንም።

ሐረር ቢራ በ1984 እ.ኤ.አ. ተቋቁሞ በ2011 ሄኒከን ገዛው። ከ100 ሊትር ቢራ 20 ኪሎ አካባቢ እርጥብ አተላ ይወጣል፣ ፕሮቲን አለው፣ ላም ያለው ሰው ሁሉ ይፈልገዋል፣ ግን አብዛኛው ውሀ ስለሆነ በሙቀት ከሁለት ሶስት ቀን አያልፍም። ለሐረር ከብት አርቢ ሚጠቅመውን ያህል ቆላ ላለችው ድሬዳዋ አይጠቅምም።

ብዙ የተጻፈበት ወያኔ ዛፍ ነው፣ ፕሮሶፒስ የሚባለው ከውጭ የመጣ እሾሃም ዛፍ። እዚሁ ድሬዳዋ ጎሮ ችግኝ ጣቢያ በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ ከህንድ መጥቶ ተተከለ የሚለው በብዛት ይጠቀሳል፣ ሌላው ደሞ በደርግ ጊዜ በአፈር ጥበቃ ዘመቻ ነው የተስፋፋው ይላል፣ ሁለቱም ትክክል ሊሆኑ ይችላሉ። አፋሮች ደርጊ ሃራ፣ የደርግ ዛፍ ይሉታል፣ አማርኛው ወያኔ ይለዋል፣ አመጣብን ሚባለው መንግስት እንደተናጋሪው ይለያያል። ፍሬው ጣፋጭ ስለሆነ ከብት ይበላዋል፣ ዘሩ ግን ሆድ ውስጥ ሳይፈጭ ከእበቱ ጋር ይወጣና ይበቅላል፣ በዚህ መንገድ አፋር ላይ ከአንድ ሚሊዮን ሄክታር በላይ ይዟል ተብሎ ይገመታል። መፍትሄው መጠቀም ነው የሚለው ሀሳብ ከ2000ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ አፋር ውስጥ ገዋኔና አሚባራ ላይ ፋርም አፍሪካ በሚባል የእርዳታ ድርጅት ድጋፍ ተሞከረ፣ የህብረት ስራ ማህበራት ግንዱን ለከሰል፣ ፍሬውን ፈጭተው ለመኖ እንዲያውሉ። ሲፈጭ ዘሩ ስለሚሞት መኖውም ያለስጋት ነው፣ ብቻውን ብዙ ከበላ ግን የከብቱን መንጋጋ ስለሚጎዳ ከሌላ መኖ ጋር ይደባለቃል። ከሰሉ ላይ ሁለት ችግር አለ፣ አንደኛ ጉቶው ካልተነቀለ ከስር ብዙ ቅርንጫፍ ሆኖ ይመለሳል፣ ሁለተኛ በወያኔ ስም ግራር አብሮ ይቆረጣል የሚል አቤቱታ ነበር፣ ይሄ በጣም ያሳዝናል። በአፈር ተቀብሮ ሲከሰል ከ100 ኪሎ እንጨት ከ10 እስከ 20 ኪሎ ብቻ ነው ሚገኘው፣ ስለዚህ የከሰል ማክሰያው ምድጃ ላይ ያልተሰራ ስራ አለ።

ሐረር ጁገል፣ በግንብ የታጠረው የድሮው ከተማ ውስጥ፣ በአጥሩ ስር ያሉት የጅብ መግቢያ ቀዳዳዎች ዋራባ ኑዱል ይባላሉ፣ ማታ ገብተው አጥንቱንና ትራፊውን ያፀዳሉ። ስፌቱ ደሞ፣ ከአክርማና ከስንደዶ የሚሰራው፣ ግድግዳ ላይ ለትውልድ ይኖራል፣ ሴቶቹ ተሰብስበው የሚማሩበት ቤት ሞያ ጋር ይባላል።

ጫት ወደ ጅቡቲ ሲሄድ እንዳይጠወልግ በኮባና በሙዝ ቅጠል ነው ሚጠቀለለው፣ ውሀ ይርከፈከፍበታል። በችርቻሮ ግን ፌስታል ተክቶት ነበር፣ ድሬ ሜዳው ላይ እሾህ ሁሉ ፌስታል ያንጠለጠለው ለዛ ነው። በ2017 ዓ.ም. ፓርላማ ፌስታልን የሚከለክል አዋጅ አፅድቋል፣ ለመተኪያ የሚሆነው ቅጠል ደሞ ነጋዴዎቹ እጅ ላይ ነው፣ ተፈትቶ ከተጣለም ከገራባው ጋር ፍየል ይበላዋል።