ለጊታር አንገት የሚመረጠው «ኳርተር ሶን» ጣውላ ምንድን ነው?

ኳርተር ሶን የሚባለው፣ ጫፉ ላይ የሚታዩት የዕድገት ቀለበቶች ከሰፊው ገጹ ጋር ወደ 90 ዲግሪ ተጠግተው የቆሙበት ጣውላ ነው። ቀለበቶቹ ከገጹ ጋር ተኝተው ከሄዱ ፍላት ሶን ይባላል። መጋዝ ቤት ግንዱን ከዳር እስከ ዳር አከታትሎ ስለሚሰነጥቅ የቆመ ጣውላ የሚገኘው ከልቡ ግራና ቀኝ ብቻ ነው። ቀለበቱ አልታይ ካለ ጫፉን በስለታም መሮ ላጡና በውሃ አርጥቡት።

እንጨት ሲደርቅ በቀለበቱ ዙሪያ የሚኮማተረው ከልቡ ወደ ቅርፊቱ ከሚኮማተረው እጥፍ ያህል ነው። የተኛ ጣውላ መሃሉ የሚጎደጉደውም ለዚህ ነው። ለቁም ሳጥን ብዙም አያስጨንቅም፤ የብረት ክር የተወጠረበት ጊታር አንገት ግን ሌት ተቀን ወደ 70 ኪሎ ይሳባል።

ሆኖም የቆመ ስለሆነ ብቻ አትግዙ። የአሜሪካው ጊታር ሠሪ የፌንደር የሜፕል እንጨት አንገቶች ብዙዎቹ ተኝተው የተሰነጠቁ ናቸው፤ ሳይጎብጡ ያቆያቸው ጭረታቸው (የእንጨቱ ክር የሚሄድበት አቅጣጫ) ቀጥ ማለቱና በደንብ መድረቃቸው ነው። ጭረቱን ለማወቅ ከጣውላው ጠርዝ ትንሽ ፍላጭ በመሮ አንሡ፤ ፍላጩ የሚሄደው በጭረቱ ነው። በ70 ሴ.ሜ. ርዝመት ከ2 ወይም ከ3 ሴ.ሜ. በላይ ወደ ጎን ከወጣ ተዉት።

ጎጃም ውስጥ የመጀመሪያው ምርጫ ዋንዛ ነው። ቀላል ነው፣ ለመላጊያ ይመቻል፤ ከማሆጋኒ ስለሚለሰልስ ግን ውስጡ የብረት ዘንግ ይግባበት፣ ውፍረቱም ትንሽ ይጨመር። ላለመጉበጥ ያለው ጥንካሬ በውፍረቱ ኩብ ስለሚያድግ 10 በመቶ መጨመር ከ30 በመቶ በላይ ያጠነክረዋል። ወይራ ለአንገት ይከብዳል፤ ጣት ክሩን ለሚጫንበት ለጣት ሰሌዳው ግን ግሩም ነው። ባሕር ዛፍ ይጣመማል፣ ይሰነጠቃል። ዲከረንስ የሚባለው የአዊው ግራር ደግሞ ገና ቀጭን ሳለ ለከሰል ይቆረጣል።

ጣውላ በጥላ ሲደርቅ ለ2.5 ሴ.ሜ. ውፍረት አንድ ዓመት ያህል ይፈልጋል። በየሳምንቱ መዝኑት፤ ክብደቱ መቀነሱን ሲያቆም ደርሷል ማለት ነው። ከፈረሰ ቤት የወጣ የዋንዛ በር ከትኩሱ ጣውላ ይሻላል፤ ሚስማሩን ግን አስቀድማችሁ ፈልጉ፣ አለዚያ የመላጊያው ምላጭ ያገኘዋል።

የተኛ ጣውላ ብቻ ካላችሁ 2.8 ሴ.ሜ. ውፍረት ያለውን በ2.8 ሴ.ሜ. ስፋት ሦስት ቦታ ሰንጥቁ፣ እያንዳንዱን በጎኑ አዙሩ፣ የመሃሉን ጫፍ ለጫፍ ገልብጡና አጣብቁ። ተላግቶ ሲያልቅ 7.5 ሴ.ሜ. ስፋት ያለው የቆመ ጣውላ ይወጣል። ቪናቪል የሚባለው ነጭ የእንጨት ሙጫ ውሃ ስላለው ሞርሳው ከተፈታ በኋላ ሁለት ሳምንት ሳይነካ ይቀመጥ። የጣት ሰሌዳውን በሐምሌና በነሐሴ አታጣብቁ፤ እርጥበት የጠጣው አንገት በበጋ ሲኮማተር ከሰሌዳው ጋር ይጣላና ይጎብጣል።